የመንገዱን ሩዝ ስፈራ የገዛ ድስቴ ጉድ ሠራኝ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ጃካርታ ውስጥ ልጄ በምትኖርበት ሠፈር «ተክ ተክ ተክ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የጥብስ ሩዝ ሻጩ ጋሪውን እየገፋ መጥበሻውን በመቁያው ሲመታ ነው። መጮህ አያስፈልገውም፤ ድምፁን የሰማ ሕፃን ሁሉ ወደ እናቱ ይሮጣል። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄም «እማማ፣ ናሲ ጎሬንግ መጣ!» እያለች እጄን ትጎትተኛለች።

እኔ ደግሞ «አይሆንም» እላለሁ። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝ። አተት በገባበት ወቅት ስንት ሕፃን በክንዴ ታቅፌ ግሉኮስ ሰክቻለሁ። ወደ ኢንዶኔዥያ የሄድኩት ልጄን ላርስ ነው፤ ሻንጣዬ የገንፎ ዱቄት፣ በሶና የተነጠረ ቅቤ ነበር። በሰው አገር፣ አራስ ባለችበት ቤት፣ ከጋሪ ላይ የተገዛ ምግብ ለሕፃን ማብላት ለእኔ የማይታሰብ ነው። ልጄ «እማዬ፣ እኛ እኮ አራት ዓመት ሙሉ ስንበላው ኖረናል» ብትለኝም አልሰማኋትም። በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተኮራርፈናል።

ለማያውቁት ልንገራችሁ። በኢንዶኔዥያ ሩዝ እንደ እኛ እንጀራ ነው። ገና ማሳ ላይ ሳለ ፓዲ፣ ተፈልፍሎ ሳይበስል በራስ፣ ሲበስል ደግሞ ናሲ ይባላል። ዳቦም ኑድልም ጠግቦ በልቶ «ናሲ ካልበላሁ ምኑን በላሁት» የሚል ሞልቷል። ጠዋት በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ናሲ ኡዱክ፣ ወይም ከላዩ ዶሮ የተበተነበት ቡቡር አያም የሚባል የሩዝ አጥሚት አለ። ማታ ናሲ ጎሬንግ ይመጣል፤ ቀደም ብሎ የበሰለ ሩዝ በነጭና በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በእንቁላልና በጣፋጭ የአኩሪ አተር ሶስ ተጠብሶ የሚቀርብ ነው። የአንድ ሰሃን ዋጋው እኔ በነበርኩበት ጊዜ 15,000 ሩፒያ፣ ማለትም አንድ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር።

አንድ እሑድ ለምሳ ብዙ ሩዝ ተቀቀለ። እዚያ አገር ሩዝ የሚቀቀለው በኤሌክትሪክ ማብሰያ ነው፤ ከበሰለም በኋላ እስኪበላ ድረስ እንደሞቀ ያቆየዋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ መብራት ሲቆጥር ሆዴ አልቻለምና ገመዱን ነቀልኩት። የተረፈውን ሩዝ ወደ ድስት ገልብጬ፣ ከድኜ ምድጃው ላይ ተውኩት። አዲስ አበባ ወጥ እንደዚያ አድሮ የለ? ሌሊቱ ግን የአዲስ አበባ አልነበረም፤ በውድቅት እንኳ የሚያስልብ ሙቀት ነው።

ጠዋት ያንኑ ሩዝ በእንቁላል ጠበስኩና «ይኸውልሽ ናሲ ጎሬንግ፣ በእማማ ንጹሕ እጅ የተሠራ» ብዬ አቀረብኩላት። ጥርግ አድርጋ በላች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ፊቷ ገረጣ። የሰው ልጅ ሲታመም የማይንቀጠቀጥ እጄ ያን ቀን ተንቀጠቀጠ።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ቤት ውስጥ ነበር። አንዱን ፓኬት በመመሪያው መሠረት በጥብጬ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት አጠጣኋት። ስታስመልስ አሥር ደቂቃ ጠብቄ፣ ከበፊቱ ቀስ እያልኩ እንደገና። ከሰዓት በኋላ ማስመለሱ ቆመ፣ ማታ ሳቀች። ልጄ ሕፃኑን እያጠባች ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ምንም አላለችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ላቦራቶሪ አላስመረመርንም። ግን ሰዓቱም ምልክቱም የሚናገረው ነገር ነበር። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ደረቅ ሩዝ ላይ ይገኛል፣ ሲቀቀልም አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለረጅም ሰዓት ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ክፋቱ ደግሞ ይህ መርዝ ቢያሞቁት፣ ቢጠብሱት የማይጠፋ መሆኑ ነው። ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል። የእኔ ንጹሕ እጅ እዚህ ላይ ምንም አልጠቀመም።

በማግሥቱ ማታ «ተክ ተክ» ሲል እኔው ራሴ ወጣሁ። ልጄ እያስተረጎመችልኝ ሻጩን ጠየቅሁት። ሰውየው «ኢቡ» ነው የሚለኝ፤ እኛ «እማማ» እንደምንለው ነው። ሩዙን ከሰዓት በኋላ ይቀቅላል፤ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ያሰጣዋል፤ የሚያወጣው በዚያች ምሽት የሚሸጠውን ያህል ብቻ ነው። ተርፎ ከመጣ ለሠፈሩ ዶሮዎች ይሰጣል። «የአንድ ቤት ልጅ ቢታመም ይህ መንገድ ለእኔ ይዘጋል» አለኝ። ነርስ ሆኜ ያን ያህል ጥንቃቄ አላደረግሁም።

ሻጭ ሁሉ እንደ እሱ ነው ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን «አይሆንም» ማለቴን ትቼ ማየት ጀመርኩ። ምግቡ ፊቴ ተጠብሶ እየተነነ ይሰጠኛል ወይስ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል? ሠፈርተኛው ተሰልፎ ይገዛል? ሰሃኑ የሚታጠበው በምን ውኃ ነው? ዋርተግ በሚባሉት ርካሽ ምግብ ቤቶች ወጡ ሁሉ በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ ይቀመጣልና ገና ከምድጃ በወጣበት በምሳ ሰዓት እንጂ አመሻሽ ላይ አልሄድም። በረዶና ያልበሰለ ዳጣ ለልጅ አልሰጥም።

ከዋርተግ የወደድኩት ቴምፔን ነው። የተቀቀለ አኩሪ አተር በልዩ የሻጋታ እርሾ ሁለት ቀን ያህል ሲብላላ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ኬክ ይጠጥራል፤ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል። የእኛን ድፎ ዳቦ በኮባ አስታወሰኝ። ተቆርጦ ሲጠበስ ለጾም የሚሆን፣ በርካሽ የሚገኝ የገንቢ ምግብ ነው። በአንድ ሰሃን ሩዝ ላይ ቴምፔና ቅጠላ ቅጠል ጣል ካደረጉ ልጅ በደንብ በላ ማለት ነው። ሩዝ ብቻውን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። ይህ ልጆቻችን ለሚወዱት ኢንዶሚም ይሠራል። እሱም እኮ ከስሙ እንደሚታወቀው የኢንዶኔዥያ ልጅ ነው። ቅመሙን ቀንሱና እንቁላል፣ ካሮት፣ ቆስጣ ጨምሩበት።

ወላጆችና አያቶች፣ አደራዬ አጭር ነው። የተረፈ ሩዝ ከአንድ፣ ቢበዛ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ሰፋ ባለ ዕቃ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙና ፍሪጅ አስገቡት፤ በማግሥቱ በደንብ እስኪተን አሙቃችሁ ጨርሱት። ፍሪጅ ከሌለ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ቀቅሉ። ልጅ አስመልሶ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና ከፈዘዘ ወይም ደም ከታየበት ቤት ውስጥ አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። የልጅ ልጄ ስልክ ስትደውል ከበስተኋላዋ «ተክ ተክ» ይሰማኛል። «እማማ፣ ልግዛ?» ትለኛለች። «ሲተን ካየሽው ግዢ» እላታለሁ።