በአቃቂ ቃሊቲ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛና ገበሬ ካሳውን እንዴት ይጠይቃል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ለሚወርድ መንገደኛ፣ ከቃሊቲ በኋላ በግራና በቀኝ የሚታየው ሁለት ዓይነት ኑሮ ነው። በአንድ ወገን የፋብሪካ አጥር፣ መጋዘንና ጭስ ማውጫ ይታያል። በሌላው ወገን ደግሞ የጤፍ ማሳ፣ የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ ይታያል። በመካከላቸው ባለው አስፋልት ላይ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ይጋፋሉ። ገበሬው ምርቱን ይዞ ገበያ ለመድረስ፣ ልጁም ፋብሪካ ለመግባት ይህንኑ መንገድ ማቋረጥ ግዴታቸው ነው።

የአካባቢው ሰው ከፋብሪካ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። የሕንድ ባለሀብቶች የተካፈሉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የገበሬ ልጅ ሞፈርና ቀንበሩን ለወንድሙ ትቶ ደመወዝተኛ ሆኗል። ከዚያም የብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫው፣ የግንባታ ዕቃው፣ የቢራው ፋብሪካ ተከታትለው መጡ። ማሽንና መኪና በበዙበት ቦታ ደግሞ የተቆረጠ ጣት፣ የተሰበረ እግር፣ አባቱ የሞተበት ቤተሰብ ይኖራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ እንዳይቀር የሚፈልግ ከሆነ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሕጉ ምን ያህል እንደሚፈቅድለት ብቻ አይደለም፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቀው ጭምር ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕጉ የሚጠብቀው አንድ ዓመት ነው። በመኪና ወይም በሌላ ሰው ንብረት ለደረሰ ጉዳት ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ባለዕዳው «ይርጋ አግዶታል» ካለ፣ የቆረጠው ማሽን ቢመሰክር እንኳ የሚሰማው ዳኛ የለም።

በመጀመሪያ የሠራተኛውን ጉዳይ እንመልከት።

በሀገራችን የሠራተኛ ጉዳይ ሕግ ተደጋግሞ የተለወጠ ሲሆን፣ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 የወጣው አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 እያለ አሁን ወደሚሠራበት፣ በ2011 ዓ.ም. ወደወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ደርሷል። የዚህ ሕግ ትልቁ ነገር ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት እንዲያስረዳ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱ ከታወቀ አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ጎድቶ እንደሆነ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ የተጎዳም ከዚሁ ይቆጠራል። «ተዘናግቶ ነው፤ የራሱ ግድየለሽነት ነው» የሚለው በየፋብሪካው የሚሰማ አባባል ብቻውን ካሳ አያስቀርም።

የሥራ ላይ ጉዳት ሲባልም ማሽኑ አጠገብ የደረሰውን ብቻ አይደለም። በአለቃው ትእዛዝ ከግቢ ውጭ ተልኮ የተጎዳ፣ ከሥራ በፊት ወይም በዕረፍት ሰዓት በሥራው ምክንያት ግቢ ውስጥ እንዳለ የተጎዳ፣ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄድ ወይም ሲመለስ አደጋ የደረሰበት ሁሉ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ማለዳ በሰርቪስ ተጭኖ ወደ ቂሊንጦ ወይም ወደ ቱሉ ዲምቱ ለሚጓዘው ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካሳው እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ ማየት ይሻላል። በወር 4,000 ብር የሚከፈለው አንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ ጣቶቹን ማሽን ቆረጠበት እንበል። አሠሪው ወዲያው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ ወደ ሕክምና ማድረስ አለበት። የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱን፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉን ወጪ የሚችለው እርሱ ነው። ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ ማለት 3,000 ብር፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ፣ ማለት 2,000 ብር በየወሩ ይከፈለዋል። ዓመቱን በሙሉ ከሥራ ቢቀር 33,000 ብር ይሆናል።

ይህ ግን ካሳው አይደለም፤ ካሳው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ሙሉ በሙሉ ሥራ ለማይችል ሰው ሕጉ የአምስት ዓመት ደመወዙን ባንድ ጊዜ እንዲከፈለው ያዛል፤ በምሳሌያችን 240,000 ብር ማለት ነው። ቦርዱ 30 በመቶ ቢል የዚህ 30 በመቶ፣ ማለትም 72,000 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ቢሞት የአምስት ዓመቱ ደመወዝ ለሚስቱ ወይም ለባሏ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና ሟቹ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች በሕጉ ድርሻ ይከፋፈላል። ይህ ስሌት የሚሠራው የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በየወሩ ጡረታ የሚቆረጥበት የግል ድርጅት ሠራተኛ የጉዳት ጡረታውን ወይም ዳረጎቱን የሚጠይቀው ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሲሆን፣ ስሌቱም በጡረታ ሕጉ ነው። እንግዲህ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የደመወዝ ወረቀቱን አውጥቶ ጡረታ መቆረጥ አለመቆረጡን ይመልከት።

አስቸጋሪው የቀን ሠራተኛው ጉዳይ ነው። በግንባታ ቦታ አርማታ ሲሸከም ከመወጣጫ የወደቀ ልጅ «ማን ቀጠረህ?» ሲባል ፎርማኑን ይጠራል፤ ፎርማኑ ንዑስ ተቋራጩን፣ ንዑስ ተቋራጩ ደግሞ ዋናውን። የጽሑፍ ውል የለም። ይሁን እንጂ የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ያልተጻፈ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥ የሚጎዳበት ሠራተኛው አይደለም። አብሮ የሠራ ጓደኛ ምስክርነት፣ የፈረመበት የክፍያ ዝርዝር፣ ክፍያው በስልክ ወይም በባንክ የገባ ከሆነ መልእክቱ ሁሉ ያገለግላል። የቀን ሠራተኞች ወዲያው ስለሚበተኑ ግን የምስክሮቹን ስምና ስልክ በዚያው ሳምንት መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ይርጋው እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አለቃው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ብርቱካን ይዞ ይጠይቃል፤ «አይዞህ፣ ዳን እንጂ ድርጅቱ ያስብልሃል» ይላል። ምናልባትም ከልቡ ነው። ሠራተኛው አምኖ ይጠብቃል። ስምንት ወር፣ አሥር ወር ያልፋል፤ አለቃው ይለወጣል፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፋይል ይጠይቃል። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ያመነ እንደሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ለሥራ ክርክር ሰሚው አካል ክስ፣ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ አቤቱታ ያቀረበ እንደሆነ ነው። «ያስብልሃል» ለሚል አለቃ የሚሻለው ምላሽ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ያሉትን በደብዳቤ ያድርጉልኝ» ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሠራተኛው በሕጉ የተሰጠውን መብት ለመተው ቢፈርምም ፊርማው ውጤት የለውም።

በመንገድ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ግን የፊርማው ነገር ሌላ ነው። ይህንንም ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናን ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ያለ ጥፋቱም ኃላፊ ያደርገዋል። «ፍሬን እምቢ ብሎ ነው፤ ሾፌሩ እንጂ እኔ አልነዳሁም» ማለት አያድነውም። የሚያድነው ወይም ዕዳውን የሚቀንስለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ በሾፌሩ ላይ የሚቀርበው የወንጀል ክስና የካሳው ክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የካሳ ክስ ሰሚው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም፤ ሾፌሩ ቢታሰርም ለተጎጂው ቤት አንድ ቁና እህል አይገባም። ብዙ ቤተሰብ የወንጀሉ ነገር እስኪያልቅ ብሎ በመጠበቅ ጊዜውን ያቃጥላል።

ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞትና ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር። መጠኑ የሚሻሻል ስለሆነ የጊዜውን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ጣሪያው መድን ድርጅቱን እንጂ ባለቤቱን የማይገድብ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ትርፉ ከባለቤቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ላመለጠና ላልታወቀ መኪናም ሕጉ የመድን ፈንድ አዘጋጅቷል፤ «መኪናው አመለጠ» ተብሎ ፖሊስ ሳያስመዘግቡ መቅረት ስሕተት ነው።

በአቃቂ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ከሕጉ በፊትም አሁንም የሚሠራበት ሥርዓት አለ፤ ጉማ። ሰው የሞተ እንደሆነ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ይለመናል፤ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቅ ወርዶ ደም ይደርቃል። በመኪና አደጋም እንዲሁ ይደረጋል። ይህ ሥርዓት በቀልን የሚያስቀር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር የሚያኖር ስለሆነ ማንም ሊንቀው አይገባም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ፍርድ ቤት ብቻውን የሐዘንተኛን ልብ ያሳርፋል ብሎ አያምንም።

ጭንቁ ያለው በእርቁ ማግሥት በሚጻፈው ወረቀት ላይ ነው። የሾፌሩ ወገን የእርቅ ወረቀት በቶሎ የሚፈልግበት ምክንያት አለው፤ የወንጀል ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሲወስን መታረቃቸው እንዲታሰብለት ነው። ሐዘንተኛው ገና ከድንኳን ሳይወጣ ወረቀቱ ይመጣል። ወረቀቱ «ለሐዘናቸው ማስተዛዘኛ ይህን ያህል ብር ተቀብለዋል፤ ታርቀዋል» የሚል ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው። «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል ሐረግ ከገባበት ግን ሌላ ነው። የተፈረመ የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራልና፣ ቀድሞ አሻራዋን ያሳረፈች መበለት ኋላ ለልጆቿ ማሳደጊያ ብላ ክስ ብታቀርብ ይኸው ወረቀት ይቀርብባታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው። ሽማግሌዎችም ቢሆኑ እርቁን ማውረድና የልጆችን መቀለቢያ መቁረጥ የተለያዩ መሆናቸውን አስበው፣ ማንበብ ለማይችል ሐዘንተኛ ወረቀቱን ከቤተሰቡ ወገን በሆነ ሰው ማስነበብ ይኖርባቸዋል።

የፍትሐ ብሔሩ ካሳ ቋሚ ተመን የለውም፤ ለሕክምና የወጣው፣ ያጣው ገቢና ወደፊት የሚያጣው ይቆጠራል። ገበሬ የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው ገቢውን ማስረዳት ይከብደዋል። የመሬት ማረጋገጫ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ወተት ወይም አትክልት የሚያስረክብበት የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ፣ የጎረቤት ምስክርነት ሁሉ ይረዳል። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለት በሚዛናዊ ግምት ይቆርጣል። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. ተጽፎ ቀርቷል። በዚያን ዘመን አንድ ሺህ ብር ጥንድ በሬ ገዝቶ የሚተርፍ ነበር፤ ዛሬ በዓል በደረሰ ጊዜ የአንዲት ዶሮ ዋጋ እየሆነ ነው። ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ይኸው ሕግ ለገጠሩ ሰው የሚቀርብ ሌላም ነገር ይዟል። የከብት ባለቤት ከብቱ አምልጦ እንኳ ቢሆን ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በሬው ሰው የወጋበት ገበሬ፣ የራሱ ጥፋት ካልተገኘበት፣ በሬውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው መውጣት ይችላል።

ለመንገድ አደጋ ማስረጃው የሚሰበሰብበት ጊዜ አጭር ነው። የትራፊክ ፖሊስ በቦታው ተገኝቶ የሚያነሣው ፕላን፣ የሰሌዳ ቁጥርና የመድን ወረቀቱ ዝርዝር መጀመሪያ ይያዛሉ። ከአካባቢው ሰው ብዙው የሚሄደው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። የትም ቢታከም ካርዱን፣ የመድኃኒት ደረሰኙንና የሐኪሙን ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፖስታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በችሎት ፊት እንዳልወጣ ይቆጠራልና።

የሥራ ላይ ጉዳት ክስ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲቀርብ የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን በአዋጁ ተጽፏል። ለመንገድ አደጋው ካሳ የዳኝነት ገንዘብ ይከፈላል። መክፈል የማይችል ሰው ግን ከሚኖርበት ወረዳ የድህነት ማስረጃ ይዞ፣ ገንዘቡን ሳይከፍል ክሱ እንዲታይለት ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል።