ወባ ያልነበረው ትኩሳት

ፎገራ ሜዳ ላይ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። አያስገርምም። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ እዚህም እዚያም ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ የሩዝ ማሳውም ለወራት ውኃ እንደቋጠረ ይከርማል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲመጡ ወባ እንደሚበረታ ወረታ ላይ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሊቦ ከምከምና ከፎገራ ቀበሌዎች ሰውነቱ የመነመነ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲበዛ የወባ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። መድኃኒቱ ግን አላሻለውም። ወባው መድኃኒቱን የተላመደ መሰለ።

በ1997 ዓ.ም. በሽታው በምርመራ ሲለይ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ላይ በድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ድጋፍ ሕክምና ተጀመረ። እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ 2450 ያህል ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ታወቀ፤ 120ዎቹ ሞቱ። ከዚያ በፊት ስሙ ሳይታወቅ በየቤቱ የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ሐኪሞች ካላዛርን ያልጠረጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን በሽታው የሚታወቀው በቆላ ነው፤ በሁመራ፣ በመተማ፣ በኦሞ ሸለቆ። ፎገራ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ነገር ግን የአካባቢው ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳል። በሽታውን ይዞ የተመለሰ ሰው በደሙ ውስጥ ጥገኛ ተህዋሱን ተሸክሟል፤ ከእሱ ወደ ጎረቤቱ የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መኖሪያ አላጣችም። በበጋ የሚሰነጠቀው ዋልካ አፈርና የግራር ዛፍ ይመቿታል። በወረርሽኙ ጊዜ በአካባቢው የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀን ግራር ሥር የሚያሸልቡና ሌሊት ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ይበልጥ ለበሽታው ተጋልጠው ነበር። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከግራር ጥላ ሌላ የት ይረፍ?

የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፤ ቁመቷ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። ስትነክስ ተህዋሱን ከምራቋ ጋር ቆዳ ውስጥ ትተወዋለች። ተህዋሱ ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 አንዱ ከሕንድ ከተመለሰ ወታደር ጣፊያ፣ ሌላው ማድራስ ላይ ከሕሙማን አግኝተው ያሳወቁት ሊሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች ናቸው ስማቸውን የሰጡት።

ሰውነት ዝም አይልም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ተነከሰው ቦታ ይጎርፋሉ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ብግነት የምንለው ይህ ነው። ከሚደርሱት መካከል ማክሮፋጅ የሚባሉት ዋጭ ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያገኙ ጠቅልለው ወደ ውስጣቸው ያስገቡና በትንሽ ከረጢት ዘግተው አሲድና ኢንዛይም ይለቁበታል። አብዛኛው ባክቴሪያ እዚያው ያልቃል። ሊሽማኒያ ግን አያልቅም። ጅራቱን ጥሎ ድቡልቡል ይሆንና አሲዱን ተቋቁሞ እዚያው ይራባል፤ እህል ሊጠበቅበት የተሠራ ጎተራ ለነቀዝ ቤት እንደሚሆነው ነው። ሴሉ ሲፈነዳ የሚወጡትን ደግሞ ሌሎች ማክሮፋጆች ይውጧቸዋል።

ሰውነት በሁለተኛ መንገድም ይሞክራል። ከወራሪው ጋር የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላትን በብዛት ያመርታል። የካላዛር ሕመምተኛ ደም በእነሱ የተሞላ ነው፤ ሆኖም ጥቅማቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ተህዋሱ ሴል ውስጥ ስለተሸሸገ አያገኙትም። ብዙ ማምረት ብቻውን ማሸነፍ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ በሽታ እምብዛም አላውቅም።

ቁርጡ የሚለየው በቲ ሴሎች ነው። እነዚህ ነጭ የደም ሴሎች ተህዋሱን ለይተው ካወቁት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሰው ማክሮፋጅ ባሕርይው ይቀየራል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ማመንጨት ይጀምርና ውስጡ የተሸሸገውን ይገድላል። ተህዋሱ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታመሙ የሚቀሩት በዚህ የተነሳ ነው። የሚታመመው በብዛት ይህ ምላሽ የደከመበት ሰው ነው፤ በተለይም በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅና ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው። ስለዚህ ካላዛር የዝንብ ብቻ ሳይሆን የጓዳም ጉዳይ ነው።

ምላሹ ከደከመ ተህዋሱ ማክሮፋጅ ወደሚበዛባቸው አካላት ይዛመታል፤ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ መቅኔ። ጣፊያ ከግራ የጎድን አጥንት ሥር ወጥቶ እስከ እምብርትና ከዚያም በታች ሊደርስ ይችላል፤ የተነፋው ሆድ ይህ ነው። ወባም ጣፊያን ያሳብጣልና ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። መቅኔ ሲጎዳ ደግሞ የደም ሴሎች ይመናመናሉ፤ በሽተኛው ይገረጣል፣ ይነስረዋል፣ የሳንባ ምች ወይም ቲቢ ይደረብበታል። ካልታከመ ከ100 በሽተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና ክሳት አንድ ላይ ሲገኙ የካላዛር ምርመራ መታዘዝ አለበት፤ በፎገራም ሆነ ከመተማ በተመለሰ ሰው ላይ ይህን ማለፍ ነፍስ ያስከፍላል። እነዚያ ያልጠቀሙ ፀረ እንግዳ አካላት እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛሉ፤ በጣት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው አርኬ 39 የተባለው ምርመራ የሚፈልገው እነሱን ነው። ጉድለት ግን አለው። በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ በደሙ ስለሚቆዩ በሽታው ዳግም ያገረሸበትን ሰው ለመለየት አያገለግልም። ያን ጊዜ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጣፊያን መውጋት ደም ሊያፈስ ስለሚችል የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የካላዛር ማዕከል ለዓመታት የሠራው አንዱ ሥራ ይህ ነው።

ሕክምናው በመርፌ ነው። ቀድሞ ለ30 ቀናት ይወሰድ የነበረው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከፓሮሞማይሲን ጋር ሲጣመር ወደ 17 ቀን አጥሯል። መድኃኒቱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል በሽተኛው ክትትል ይፈልጋል። የዳነ ሰው ቲ ሴሎች ተህዋሱን ስለሚያስታውሱት አብዛኛው ሰው ዳግመኛ አይታመምም። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ግን ቫይረሱ የሚያጠቃው እነዚህኑ ቲ ሴሎች ስለሆነ ካላዛር ደጋግሞ ይመለሳል፤ በዚህም የተነሳ ካላዛር የተገኘበት ሰው ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲደረግለት ይመከራል።