የገመድ አልባ መሣሪያዎች መከታተያ ፕሮግራም በጊዜው ባይታደስ በንግድ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

የአርባ ምንጭ ከተማ በላይ ሴቻ፣ በታች ሲቀላ ተብላ በሁለት ሰፈር የተሠራች መሆኗን፣ ኩልፎ ወንዝም በአጠገቧ ወርዶ ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ መሆኑን አገሩን የጐበኘ ሁሉ ያውቀዋል። የጋሞ ሙዝና ማንጎ፣ የሐይቁ ዓሣ፣ የዶርዜ ሸማኔ ሥራ ለከተማይቱ ንግድ ዋና ምሰሶዎች ናቸው። በእነዚህ ላይ ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ሆቴሎች ተጨምረዋል። ይህ ሁሉ ንግድ ዛሬ በዓይን በማይታይ ነገር ላይ እየተደገፈ መሄዱን የምክር ቤት አባሎች በየመደብራቸው የሚያዩት ስለ ሆነ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ሒሳብ መቀበልና መክፈል ተለምዷል፤ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣው ሾፌርም ዋጋ የሚጠይቀው በስልኩ ነው። የሆቴል እንግዳ እንደ ሆነ የአልጋውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የዋይ ፋይ ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህን የታዘብነው ብዙ ጊዜ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ግን ስለ ዋይ ፋዩ ራሱ ሳይሆን ዋይ ፋዩን ስለሚጠብቀው ጠባቂ ነው። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ይመስላል፤ ዳሩ ግን ኪሣራው የሚወድቀው በባለ ንብረቱ ላይ ስለ ሆነ ነጋዴው ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ቢመለከተው አይጐዳም።

በቀድሞው አሠራር የገመድ አልባ ማሰራጫ፣ ማለትም አክሰስ ፖይንት የሚባለው መሣሪያ፣ ቅንብሩን በራሱ ውስጥ ይዞ የሚኖር ነበር። የሚያስተካክለው ሰው እስከ ቦታው መሄድ ነበረበት። አሁን ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚተዳደሩት በክላውድ ነው። ክላውድ፣ ደመና ማለት፣ ስሙ ነው እንጂ ነገሩ በባዕድ አገር በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ ኮምፒዩተር ነው። መሣሪያው በኢንተርኔት ከዚያ ኮምፒዩተር ጋር እየተገናኘ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ባለቤቱም አዲስ አበባም ሆነ ሎንዶን ተቀምጦ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁሉን ያያል። በዚህ አሠራር ስሙ በሰፊው የታወቀው ሜራኪ ነው። ይህ ድርጅት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይካሄድ ከነበረው ሩፍኔት ከተባለ የጥናት ሥራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲስኮ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ዩኒፋይና ኦማዳ የሚባሉትም በዚሁ መንገድ ሊተዳደሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ባለቤቱ በራሱ ቤት በሚያስቀምጠው ኮምፒዩተርም ስለሚሠሩ ሁልጊዜ ወደ ውጭ አገር መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። ይህን ልዩነት ገዢው ከመግዛቱ በፊት ማወቅ አለበት።

አንድ ባለሙያ አንድ ሆቴል ብቻ ቢያገለግል ሰሌዳውን ከፍቶ ማየት ይበቃው ነበር። ሦስት ሆቴል፣ አንድ ክሊኒክና አንድ ኮሌጅ የያዘ ግን ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ሲከፍት አይውልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትሴይንት በሚል ስም የወጣውን ናጊዮስን፣ ወይም ዛቢክስንና ቼክኤምኬን የመሰለ አጠቃላይ የመከታተያ ፕሮግራም ያቆማል። ይህ ፕሮግራም ስለ ሜራኪ ወይም ስለ ዩኒፋይ ከራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያሳውቀው ፕለጊን ወይም ተሰኪ የሚባል ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ተሰኪው በየጥቂቱ ደቂቃ ወደ ክላውዱ ሄዶ «መሣሪያዎቹ እንዴት ናቸው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን በቁጥር ያመጣል። በናጊዮስ ሥርዐት 0 ደኅና፣ 1 ማስጠንቀቂያ፣ 2 አደጋ፣ 3 ደግሞ አላውቅም ማለት ነው። ከአራቱ ሁሉ ባለሙያዎች የሚንቁት ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከ2 ያላነሰ ሊፈራ ይገባዋል። ምክንያቱን ቀጥለን እንገልጻለን።

ተሰኪው የሚጠይቅበት በር ኤ.ፒ.አይ. ይባላል። በሩን የሚሠራውም የሚለውጠውም የመሣሪያው ኩባንያ ነው። ሜራኪ እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥር 1 የተባለውን አዲስ በር ከፈተ፤ ቁጥር 0 የነበረው አሮጌው እንደሚቀር አስታወቀ፣ በኋላም ዘጋው። የመሣሪያዎችን ሁኔታ የሚነግረው አድራሻ ቀድሞ «ዲቫይስ ስታተሰስ» ተብሎ በአንድ ቃል ይጻፍ የነበረው በአዲሱ በር በሁለት ተከፍሎ ተጻፈ። የፈቃዱን ዘመን የሚነግረው «ላይሰንስ ስቴት»ም ስሙም ቦታውም ተለወጠ። የዩኒፋይ መቆጣጠሪያም ወደ አዲሱ የማሽን ዓይነት ሲዛወር የመግቢያው አድራሻ ተቀይሯል። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ አሮጌ ተሰኪዎች የተጻፉት በፓይተን 2 ቋንቋ ነው፤ የዚህም ቋንቋ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። እንግዲህ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት ተተክሎ ዳግመኛ ያልተነካ ተሰኪ ባዶ ቤት እያንኳኳ ሊሆን ይችላል።

ባዶ ቤት ማንኳኳቱ ብቻውን ብዙ ጉዳት የለውም ይባል ይሆናል። ጉዳቱ ተሰኪው ባዶ መልስ ሲያገኝ በሚያደርገው ነገር ነው። በኩልፎ አጠገብ 18 ማሰራጫ የተከለ አንድ ሆቴል አለ እንበል። ተሰኪው ክላውዱን ሲጠይቅ መሣሪያዎቹ በዝርዝር ይመጡለታል፤ ከዝርዝሩም ውስጥ ከመስመር የወጡትን ይቈጥራል። ሦስት ቢወጡ አደጋ ብሎ ይጮኻል። አሁን በሩ ተለውጧልና ዝርዝሩ አልመጣም። በጥንቃቄ የተጻፈ ተሰኪ «መልስ አላገኘሁም» ብሎ 3ን ይመልሳል። በችኰላ የተጻፈው ግን ባዶውን ዝርዝር ይዞ መቍጠር ይጀምራል፤ ከባዶ ዝርዝር ከመስመር የወጣ ስለማይገኝ ድምሩ 0 ይሆናል። 0 ደግሞ ደኅና ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ጠባቂው ዓይኑ ጠፍቷል፤ ቤቱ ግን ሰላም ነው እያለ ይዘግባል። በላይኛው ፎቅ ያለው እንግዳ ኢንተርኔት አጥቶ ሲማረር የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሰሌዳውን አሳይቶ ይከራከረዋል፤ እንግዳውም በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ሆቴል ይሄዳል። እንዲህ ያለ ኪሣራ በሒሳብ መዝገብ ላይ «በተሰኪ ምክንያት» ተብሎ ስለማይጻፍ ማንም አያስተውለውም።

ከዚህ የከፋው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የሜራኪ መሣሪያ ተገዝቶ የሚያበቃ አይደለም፤ የዘመን ፈቃድ ይከፈልበታል። በተለመደው የውል ዓይነት የአንድ ድርጅት ፈቃዶች ሁሉ ተደምረው አንድ የማብቂያ ቀን ይወጣላቸዋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የ30 ቀን ምሕረት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መረቡ አገልግሎቱን ያቋርጣል፤ መሣሪያዎቹም ጣሪያ ላይ እንደ ተሰቀሉ ሥራ ይፈታሉ። ይህ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚሠላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማሰናዳትና ምንዛሪውን ከባንክ ማግኘት በ30 ቀን የሚጨረስ ሥራ ነው ብሎ መተማመን አይገባም። ተሰኪው የማብቂያውን ቀን አስቀድሞ፣ ቢያንስ በ90 ቀን፣ እንዲያስታውቅ መደረግ አለበት። ተሰኪው አሮጌውን በር የሚጠይቅ ከሆነ ይህንንም አያይም፤ ባለቤቱም የሚያውቀው መረቡ በጠፋ ዕለት ይሆናል።

በአገራችን ሁኔታ ደግሞ በውጭ አገር ያሉት ጸሐፊዎች ብዙም የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ማሰራጫው ከክላውዱ ጋር ያለው መስመር ቢቋረጥም በያዘው ቅንብር በቤት ውስጥ ማገልገሉን አያቆምም፤ የገንዘብ ተቀባዩ ማሽን ከማተሚያው ጋር ይነጋገራል፣ የሆቴሉም የውስጥ ሥራ ይቀጥላል። ክላውዱ ግን መሣሪያውን «ከመስመር ውጭ» ብሎ ይመዘግበዋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ በተዘጋ ጊዜ ከውጭ ሆኖ የሚመለከት መከታተያ ሁሉ በኢትዮጵያ ያለ መሣሪያ የሞተ ሆኖ ይታየው ነበር። መብራት በጠፋ ቍጥርም እንደዚሁ 18ቱም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ስለዚህ ተሰኪው ሲታደስ የአንድ መሣሪያ መውደቅ ከመላው መስመር መቋረጥ ተለይቶ እንዲታይ ቢደረግ መልካም ነው። ለዚህም በቤቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር አቁሞ ማሰራጫዎቹን በቅርብ መጠየቅ ይቻላል። ከውስጥም ከውጭም ሁለት ምስክር ያለው ባለሙያ ሌሊት በከንቱ አይቀሰቀስም፤ በከንቱ ደጋግሞ የተቀሰቀሰ ሰው ስልኩን ዘግቶ መተኛት እንደሚጀምር የታወቀ ነው።

ወደ ማደሱ ሥራ እንመለስ። አሮጌው ተሰኪ ሳይነቀል አዲሱ በሌላ ስም ጐን ለጐን ተተክሎ ለጥቂት ቀን ሁለቱ ቢነጻጸሩ ይሻላል። አሮጌው ደኅና ያለውን አዲሱ አደጋ ካለው ልዩነቱ የሚነግረው ብዙ ነገር አለ። በሜራኪ በር ለአንድ ድርጅት የተፈቀደው ጥያቄ በሰከንድ 10 ነው፤ ያን ያለፈ ጠያቂ 429 የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ ስንት ሰከንድ እንዲታገሥም ይነገረዋል። እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻው የሚጠይቅ አሮጌ ተሰኪ ይህን ወሰን ፈጥኖ ስለሚነካ፣ አዲሱ የሁሉንም ሁኔታ በአንድ ጥያቄ የሚያመጣ መሆኑ ይመርመር። መልሱም ሲመጣ «የሚሠራ»ና «የማይሠራ» ብቻ አይደለም፤ «ችግር ያለበት» እና «ለብዙ ጊዜ ድምፁ ያልተሰማ» የሚሉም አሉ። ይህን የመጨረሻውን ከማይሠራው ጋር የማይቈጥሩ ተሰኪዎች አሉ፤ በመጋዘን ለተቀመጠ መሣሪያ ይህ ትክክል ሲሆን ከጣሪያ ላይ ለተሰቀለው ግን ስሕተት ነው።

ስለ ቍልፉ ደግሞ ነጋዴው ራሱ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ተሰኪው ወደ ክላውዱ የሚገባው በምሥጢር ቍልፍ ነው። ቍልፉ የሚወጣው በአንድ ሰው ስም ሲሆን፣ የዚያ ሰው ሥልጣን ያለው ሁሉ በቍልፉም አለ። መሣሪያውን ከአዲስ አበባ መጥቶ የተከለው ባለሙያ ቍልፉን በራሱ ስም አውጥቶ እንደ ሆነ፣ እርሱ ሥራ ሲለቅና ስሙ ሲሰረዝ ተሰኪው በዚያኑ ዕለት ዓይኑ ይጠፋል። ስሙ ሳይሰረዝ ከቀረ ደግሞ የሆቴሉ መረብ በማይታወቅ ሰው እጅ እንዳለ ይኖራል። ሁለቱም አይበጅም። ማየት ብቻ እንጂ መለወጥ የማይችል ስም በድርጅቱ አድራሻ ይከፈት፤ ቍልፉም ከእርሱ ይውጣ፤ በሣጥን ውስጥ እንደ ካርታና ንግድ ፈቃድ ይቀመጥ። ባለሙያዎች ይህን ሲጠየቁ ቅር የሚላቸው አሉ፤ ቅሬታቸውን ግን ከቁም ነገር አንቈጥረውም።

ተሰኪው ታድሶ አረንጓዴ መብራት ሲያሳይ ክፍያው ወዲያው እንዳይፈጸም። እንግዳ በማይበዛበት ሰዓት ባለቤቱ ራሱ ከባለሙያው ጋር ሆኖ ከ18ቱ የአንዱን ማሰራጫ ገመድ ይንቀል፣ ሰዓቱንም ይያዝ። ማስጠንቀቂያው በስልኩ ላይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ገመዱ ተመልሶ ይሰካ፤ «ደኅና ሆኗል» የሚለው መልእክትም መምጣቱ ይታይ። በሁለተኛው ፈተና የቍልፉ አንድ ፊደል ሆን ተብሎ ይበላሽና ተሰኪው ምን እንደሚል ይጠበቅ። 3 ካለ ታማኝ ነው። 0 ካለ ባለሙያው ሥራውን አልጨረሰም፤ ገንዘቡም በኪስ ይቈይ።