ማሳን የያዙ ፊደላት፡ የጃፓን ሕጻናት ቀድመው የሚማሯቸው የካንጂ ምልክቶች

የአማርኛ ፊደል የሚይዘው ድምጽን ነው። «በ» የሚለውን ፊደል የተመለከተ ሰው ድምጹን ያነባል እንጂ ከፊደሉ ትርጉም አይጠብቅም። ጃፓናውያን ግን ድምጽን ብቻ ከሚወክሉት ሂራጋና እና ካታካና ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ምልክት የራሱን ትርጉም የሚይዝበት ካንጂ የተባለ ጽሕፈት አላቸው። መነሻውም ከ3 ሺህ ዓመታት በላይ ያስቆጠረው የቻይና ጽሕፈት ነው።

በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስት ዓመታት ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት አንድ ተማሪ 1 ሺህ 26 ካንጂዎችን እንዲማር ይጠበቃል። የአንደኛ ክፍል ድርሻ 80 ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደሉም፤ ተራራ፣ ወንዝ፣ ዝናብ፣ አፈር፣ ሣር፣ ቀርከሃ።

የሩዝ ማሳ ምልክት «ታ» ተብሎ ይነበባል። አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ በመስቀለኛ መስመር የተከፈለ ነው፤ በድንበር የተከፋፈለን ማሳ ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የተመለከተ ሰው የሚያየውም ይህንኑ ነው። ከማሳው ሥር «ኃይል» የሚለው ምልክት ሲጨመር «ወንድ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። የኃይል ምልክት ራሱ የክንድ ምስል ነው የሚሉ አሉ፤ የጥንት የእርሻ መሣሪያ ነው የሚሉም አሉ። ከማሳው በስተግራ እሳት ሲጻፍ ደግሞ «ሃታኬ» ይሆናል፤ ውኃ የማይተኛበት፣ ቁጥቋጦው ተቃጥሎ የሚዘጋጅ ደረቅ ማሳ ማለት ነው። ይህን ምልክት የፈጠሩት ጃፓናውያን ራሳቸው ናቸው።

አንድ ዛፍ ዛፍ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ጫካ፣ ሦስት ሲሆኑ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይሆናሉ። ሰው ከዛፍ ጎን ሲጻፍ ትርጉሙ «ማረፍ» ነው። በአጨዳ ወቅት ከዋርካ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ይህን ምልክት ለመረዳት መምህር አያሻውም።

ትርጉምን አስቀድሞ ማወቅ ያልተማሩትን ቃል ለመገመትም ያግዛል። «እሳት» እና «ተራራ» የሚሉት የአንደኛ ክፍል ምልክቶች ተከታትለው ሲጻፉ «ካዛን»፣ ማለትም እሳተ ገሞራ ይሆናሉ። ንባቡ ግን ለብቻው መጠናት አለበት፤ ለብቻው ሲቆም «ያማ» የሚባለው ተራራ እዚህ ላይ «ዛን» ሆኗል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁሉንም ምልክት በታሪክ ለመፍታት ሲሞክሩ ነው። የሩዝ ምልክት ሲነጣጠል ስምንት፣ አሥርና ስምንት የሚሉ ቁጥሮችን ስለሚመስል፣ ሩዝ ለገበታ እስኪደርስ 88 ጊዜ ያለፋል ይባላል። የ88 ዓመት ልደትም «ቤይጁ»፣ የሩዝ ዕድሜ ተብሎ ይከበራል። አባባሉ ለማስታወስ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ የተገኘው ከእህል ፍሬ ምስል ነው።

ክፍል በጨመረ ቁጥር ደግሞ አንዱ ጎናቸው ትርጉምን፣ ሌላው ድምጽን ብቻ የሚጠቁሙ ምልክቶች ይበዛሉ። «ማቺ»፣ ከተማ የሚለው ምልክት ከእነዚህ አንዱ ነው። በስተቀኝ ያለው ክፍል የገባው ለድምጹ ነው። በስተግራ ያለው ግን ያው የሩዝ ማሳ ነው፤ ዛሬ ከተማ የሚባልበት ይህ ምልክት በጥንት ቻይና በማሳዎች መካከል ያለውን የእግር መንገድ ያመለክት ነበር።