የ2018 ፋሲካ እንዴት ይወጣል?

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣበት ስሌት ነው። ቀመሩ ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። በዋግ ኽምራም ከሰቆጣ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላው ሰሃላ ጾም የሚገባው በዚሁ ነው። ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ነገር አይጠይቅም። በትምህርት ቤት ወደ ዳር የሚተወው ቀሪ ግን እዚህ ዋናው ውጤት ነው።

ለ2018 ዓ.ም. ሲሰላ 5500 ይደመርና ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ስለሆነ፣ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ከ7518 ጋር ተደምሮ 9397 ይሆናል። ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ።

በ28 ዓመት ውስጥ ዘመን መለወጫ በእያንዳንዱ ዕለት በትክክል አራት አራት ጊዜ ይውላል፤ ከ7 አንድ ማለት ነው።

ቀጥሎ የጨረቃ ሒሳብ ይመጣል። 7518 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፣ መደብ ነው፤ 1 ተቀንሶ ወንበር 12 ይሆናል። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ስለሆኑ ከ365 በ11 ያንሳሉ፤ አበቅቴ ከዚህ ይመነጫል፦ 12 × 11 = 132፣ በ30 ተገድፎ 12። መጥቅዕ ደግሞ 12 × 19 = 228፣ በ30 ተገድፎ 18። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሞሉ፣ የሁለቱም ውጤቶች ድምር 30 ካልሆነ ስሌቱ ተሳስቷል፤ ባለሙያ ሥራውን የሚፈትሽበት ግሩም ዘዴ ነው።

መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ 18 + 7 = 25፣ መባጃ ሐመር ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ ማለት ነው። 14 ሲጨመርበት 39፣ 30 ሲነሣለት ዐቢይ ጾም የካቲት 9። በመባጃ ሐመሩ በ25 ላይ 9 ሲጨመር 34፣ 30 ሲነሣለት ፋሲካ ሚያዝያ 4።

የ19 እና የ28 ዓመታቱ ዑደቶች ተባዝተው 532 ዓመት ይሆናሉ፤ ይህ ዐቢይ ቀመር ይባላል፣ ሲሞላም የበዓላቱ ቀኖች በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው እንደገና ይጀምራሉ።