የማርሽ ጥርስ በምን ይወጣል?

የወፍጮ ማርሽ ጥርሱ ሲረግፍ መለዋወጫ ከጠፋ ወፍጮው ይቆማል። አጎቴ ግን የማርሽ መቁረጫውን ራሱ ቤት ይሠራል፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ።

መቁረጫው በሁለት ጥርሶች መሃል ያለውን ክፍተት መምሰል አለበት። የማርሽ ጥርስ ጎኑ ጎበጥ ያለ ስለሆነ የመቁረጫው ጎን ጎድጎድ ማለት አለበት። ለዚህም አጎቴ ሁለት ጠንካራ ክብ ብረቶችን ጎን ለጎን አሰረ። ቶርኖ ላይ የሚዞረውን ብረት በነሱ ሲቀርጸው በመሃላቸው የሚተርፈው የምንፈልገው ቅርጽ ነው።

በፊት መቁረጫው ቶሎ ይግል ነበር፤ ከስለቱ ጀርባ ያለው ብረት ስለሚፋተግ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ስለት ብረቱን ከመሃሉ ፈቀቅ አድርጎ ያስረዋል። ስለዚህ ጀርባው ዝቅ ይላል፣ ስለቱ ብቻ ይቆርጣል። በመጨረሻ እስኪቀላ አግሎ ዘይት ውስጥ ሲነክረው ይጠነክራል።

"ክብ መሳል ምን ይጠቅማል?" ለምትሉ፣ ይኸው ወፍጮ ያስነሳል!