ሚክሰር ሲመረጥ መውጫው ይታይ

ድምፅ በኮምፒውተር ለመቅዳት ሚክሰር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከዕቃው ፊት ላይ ነው፤ በረድፍ የተደረደሩት ማዞሪያዎች፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱት መቆጣጠሪያዎች፣ ብልጭ የሚሉት መብራቶች። ማዞሪያው በበዛ ቁጥር ዕቃው የተሻለ ይመስላል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። እኔ ግን ለቅጂ ሥራ ከሁሉም በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ሁለቱም ፊቱን በማየት አይታወቁም። አንደኛው ሚክሰሩ የማይክራፎኑን ደካማ ሲግናል ሽሽታ ሳይጨምርበት ምን ያህል ማጉላት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው በዩኤስቢ ገመዱ ስንት ቻናል ሳይቀላቀል ወደ ኮምፒውተሩ እንደሚያልፍ ነው።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው። ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩን እንውሰድ። ባለ 10 ቻናል ነው፣ አራት ማይክራፎን ይቀበላል፣ ዩኤስቢም አለው። ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው ግን ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። አነስተኛው የቤህሪንገር ዜኒክስ ኪው802ዩኤስቢም እንዲሁ ነው። አራት ሰዎች በአራት ማይክ ሲወያዩ አንዱ ቁም ነገሩን በሚናገርበት ቅጽበት ሌላው ቢያስል፣ ሳሉና ንግግሩ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይቀዳሉ። አብሮ የተፈጨ ጤፍና ማሽላ በወንፊት እንደማይለይ ሁሉ ይህንንም በኋላ መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል። ተናጋሪዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ መላ አለው፦ የአንዱን ማይክ የግራና ቀኝ ማዞሪያ (ፓን) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የሌላውን ወደ ቀኝ ማዞር ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ይዞ ይገባል። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ግን መላው ያበቃል። በአንጻሩ የዙም ላይቭትራክ ኤል-8 12 ቻናል፣ የሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 12 ኤምቲኬ ደግሞ 14 ቻናል ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ። ስለዚህ ሻጩን ስንት ቻናል አለው ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በዩኤስቢው ስንቱ ያልፋል መባል አለበት።

የማጉላቱ ጉዳይ ደግሞ በማይኩ ዓይነት ይወሰናል። በፖድካስት ስቱዲዮዎች ዘንድ የሚወደደው ሹር ኤስኤም7ቢ የሚያወጣው ሲግናል በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ማጉላት እንደሚያስፈልገው ይገልጻል። ርካሽ ሚክሰር እዚያ ለመድረስ ጌይኑ (የማጉያው ማዞሪያ) እስከ ጥግ ይዞራል፤ ከንግግሩ ጋር ሽሽታውም ያድጋል። ኮንደንሰር ማይክ ከፍ ያለ ሲግናል ስላለው ይህ ችግር ብዙም የለበትም፤ ነገር ግን በማይኩ ገመድ የሚላክለት የ48 ቮልት ኃይል (ፋንተም ፓወር) ይፈልጋል። ዩኤስቢ የሌለው ሚክሰር ገዝቶ ዋና መውጫውን በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ መሰካትም የተለመደ ስህተት ነው። ቀዳዳው የተሠራው ለሚሊቮልት ሲግናል ነው፤ ከሚክሰሩ የሚወጣው ግን ወደ አንድ ቮልት ሊጠጋ ስለሚችል ድምፁ ተቆራርጦና ሻክሮ ይቀዳል።

ሚክሰር ድምፁን ገና ሲቀዳ ያሳምረዋል፣ ኢኮውም ኢኳላይዘሩም እዚያው አለ የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው። ሆኖም በዩኤስቢ ሁለት ቻናል ብቻ ከሚያሳልፉት ሚክሰሮች ብዙዎቹ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልኩት የተስተካከለውን ድምፅ ነው፤ በቀረጻ ሰዓት የበዛ ኢኮ ከቅጂው አይወጣም። እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ሶፍትዌር የሚደረግ ማስተካከያ ግን ዋናው ቅጂ ተቀምጦ በሌላ ቅጂ ላይ ደጋግሞ ሊሞከር ይችላል። ለዚህ ነው ብቻውን በአንድ ማይክ ለሚቀዳ ሰው ሚክሰር ከመግዛት ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኝ ጥሩ ሳውንድ ካርድ ቢጀምር የምመርጠው፤ ራስን ያለ መዘግየት በጆሮ ማዳመጫ መስማትም በአብዛኞቹ ሳውንድ ካርዶች ላይ አለ። ነገ እንግዳ ቢበዛስ ለሚለው ስጋት፣ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ የመጀመሪያውን እንግዳ ያስተናግዳል። ተራፊው ገንዘብ ለክፍሉ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ቢውል ይሻላል፤ በባዶ ግድግዳ የሚመላለሰውን ድምፅ የሚያስቀር ማዞሪያ የለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከቀጥታ ስርጭት አዘጋጆች የሚመጣው ነው፤ እነሱን ልክ ናቸው እላለሁ። በዩቲዩብ በቀጥታ የሚተላለፍ ውይይት ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በኋላ የሚታረምበት ዕድል የለውም፤ ሚዛኑ እዚያው በእጅ መጠበቅ አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ሚክሰርን የሚተካ የለም። እንዲህ ያለው ገዢ የማዞሪያ ብዛት ቢያሳስበው አይፈረድበትም። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በስልክ የሚገባ እንግዳ ካለው ግን የኦክስ መውጫውንም ይመልከት፤ የእንግዳው የራሱ ድምፅ ተቀንሶ የአዘጋጆቹ ብቻ ወደ ስልኩ የሚላከው በዚያ ነው፣ አለበለዚያ እንግዳው በየዓረፍተ ነገሩ የገዛ ድምፁን ዘግይቶ እየሰማ ይደናቀፋል።